የጌም ሄድሴት ስትገዙ መጀመሪያ መሰኪያውን እዩ

የጌም ሄድሴት ሊገዛ ሱቅ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ "ባሱ እንዴት ነው?" ብሎ ይጀምራል። ሻጩ ደግሞ ሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን 7.1 (ድምፁ ከዙሪያችሁ የሚመጣ ያስመስላል የሚባለውን) ያሳየዋል፤ ቀጥሎ ዩኤስቢውን ሰክቶ መብራቱን ያበራለታል። የዋጋ ክርክሩም እዚያው ይጀመራል። በእኔ እምነት ባሱም፣ 7.1ም፣ መብራቱም መጨረሻ ላይ የሚነሱ ናቸው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ሄድሴቱ ምን ላይ ይሰካል የሚለው ነው። ከዚያ ጭንቅላት ላይ ያለው አቀማመጥ፣ ከዚያ ማይኩ፣ የድምፁ ጥራት ደግሞ ከእነዚህ በኋላ።

ይህ ቅደም ተከተል ከከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች የበለጠ ይጠቅማል። ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቦሌ አራብሳ ወይም ከየካ አባዶ ተነስቶ መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። ደረሰኙ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል አለ። ስለዚህ ምርመራው እዚያው ባንኮኒው ላይ ማለቅ አለበት።

ጃኩን አንሡና ጥቁሮቹን መስመሮች ቁጠሩ። የተለመደው ጃክ ውፍረቱ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ጥቁር መስመር ካለው የሚያስተላልፈው የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ነው፤ ማይክ የለውም። ሦስት ጥቁር መስመር ካለው ማይክም በዚያው ሽቦ ይገባል። ስልኮች፣ አዳዲስ ላፕቶፖች፣ የፒኤስ4 እና የፒኤስ5 (የፕሌይስቴሽን ጌም ማጫወቻዎች) ጆይስቲኮች የሚቀበሉት ይህን ባለ ሦስት መስመር ነው። የቆየ ላፕቶፕና ዴስክቶፕ ግን ሁለት የተለያየ ቀዳዳ አላቸው። ዴስክቶፕ ላይ አረንጓዴው ለድምፅ፣ ሮዙ ለማይክ ነው። ባለ አንድ ጃክ ሄድሴት አረንጓዴው ላይ ከሰካችሁ ትሰማላችሁ፤ እናንተን ግን የሚሰማ የለም።

መፍትሔው ስፕሊተር ነው፤ እዚህ ላይም የሚያሳስት ነገር አለ። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሰቀሉ፣ መልካቸው የሚመሳሰል ሁለት ዓይነት ስፕሊተሮች አሉ። አንዱ አንድ ጃክና ሁለት ቀዳዳ ያለው ሲሆን የተሠራው ሁለት ሰዎች አንድ ሙዚቃ አብረው እንዲሰሙ ነው። እናንተ የምትፈልጉት የዚህን ተቃራኒ ነው፦ አንድ ቀዳዳና ሁለት ጃክ ያለው፣ አንዱ ጃክ ላይ የሄድፎን፣ ሌላው ላይ የማይክ ሥዕል የታተመበት። "ስፕሊተር ስጠኝ" ብቻ ካላችሁ የመጀመሪያው ሊሰጣችሁ ይችላል።

ብዙዎቹ ርካሽ የጌም ሄድሴቶች ጫፋቸው ላይ ሁለት መሰኪያ አላቸው፤ ጃክና ዩኤስቢ። ከእነዚህ በአብዛኞቹ ዩኤስቢው ለመብራቱ ኃይል ከመስጠት ሌላ ሥራ የለውም፤ ድምፁም ማይኩም የሚያልፉት በጃኩ ነው። ዩኤስቢውን ብቻ ሰክቶ "ተበላሸ" ብሎ የሚመልስ ሰው ብዙ ነው። መብራት ሄዶ በላፕቶፕ ባትሪ ስትጫወቱ ዩኤስቢውን ንቀሉት፤ ሄድሴቱ ያለ እሱ በደንብ ይሠራል። እውነተኛ የዩኤስቢ ሄድሴት ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ በድምፅ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ አዲስ ስም ሆኖ ይመጣል። ይህኛው የራሱ ሳውንድ ካርድ (ድምፁን የሚያቀነባብር ክፍል) አለው ማለት ነው፤ ለኮምፒውተር፣ ለፒኤስ4 እና ለፒኤስ5 ይሆናል። ኤክስቦክስ ግን ለእሱ ተብሎ ያልተሠራ የዩኤስቢ ሄድሴት አይቀበልም፤ እዚያ ላይ የጆይስቲኩን ጃክ መጠቀም ነው የሚሻለው።

ስልካችሁ የጃክ ቀዳዳ ከሌለው የዩኤስቢ-ሲ አስማሚ ያስፈልጋል። አስማሚውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሽቦ ብቻ ነው፤ ሌላው ውስጡ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይር ቺፕ አለው፣ ዳክ ይሉታል። ቺፕ የሌለው ብዙ ስልክ ላይ ምንም ድምፅ አይሰጥም፤ ጃክ የሌላቸው የሳምሰንግ ጋላክሲ ስልኮችም ባለ ዳኩን ነው የሚፈልጉት። የገዛ ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በሻጩ ስልክ መሥራቱ ለእናንተ ማስረጃ አይሆንም።

ፒኤስ4 ላይ ጆይስቲኩ ላይ ሰክታችሁ የጓደኛ ድምፅ ብቻ ተሰምቶ የጌሙ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ቢወጣ ሄድሴቱ አልተበላሸም። ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስ፣ ከዚያ ኦዲዮ ዲቫይስ ገብታችሁ ወደ ሄድፎን የሚሄደውን ከቻት ኦዲዮ ወደ ኦል ኦዲዮ ቀይሩት።

ብሉቱዝን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ለሙዚቃ ጥሩ ነው፣ ለተኩስ ጌም ግን አይሆንም። ተራ የብሉቱዝ ሄድሴት ድምፁን ከ150 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ያዘገያል። በሰከንድ 6 ሜትር የሚሮጥ ተቃዋሚ በ200 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ከ1 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ኮቴውን ስትሰሙ ሰውዬው በሩን አልፏል። ከእኛ የሚገናኙት ሰርቨሮች አብዛኞቹ አውሮፓ ወይም መካከለኛው ምሥራቅ ስለሆኑ ፒንጉ (መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ቀድሞውንም ከፍ ያለ ነው። በዚያ ላይ ሌላ መዘግየት መጨመር አይገባም። "ጌም ሞድ" የሚባለው ነገር መዘግየቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሁለተኛው የብሉቱዝ ችግር ብዙም አይወራለትም። ማይኩ በተከፈተ ቅጽበት አብዛኛው ብሉቱዝ ወደ ስልክ ጥሪ ዓይነት ይቀየራል፤ ግራና ቀኝ አንድ ይሆናሉ፣ ጥራቱም የስልክ መስመር ያህል ይወርዳል። ፐብጂ ላይ ከቡድናችሁ ጋር እያወራችሁ ተኩሱ ከየት እንደመጣ መለየት ያቃታችሁ እንደሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ፒኤስ4 እና ፒኤስ5 ደግሞ ተራ የብሉቱዝ ሄድሴት ጭራሽ አይቀበሉም።

ገመድ የሌለው ከፈለጋችሁ ትንሽ ዩኤስቢ ያለው፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራውን ፈልጉ። የዚህ መዘግየት በጨዋታ ላይ አይታወቅም። ግን ቻርጅ ይፈልጋል፤ መብራት ጠፍቶ በሚያድርበት ሰፈር ደግሞ ያለው ቻርጅ መጀመሪያ የሚውለው ለስልክና ለላፕቶፕ ነው። ስለዚህ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ባትሪው ሲያልቅ በገመድ ይሠራል? አንዳንዱ ገመዱ ለቻርጅ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ድምፅ ይሰጣል፣ ማይኩ ግን አይሠራም። እኔ ለዳር ሰፈር ገመድ ያለውን እመክራለሁ፤ ከዋጋውም ይልቅ ሁሌ ዝግጁ ስለሆነ ነው።

አቀማመጡን ለመፈተሽ ሱቅ ውስጥ ቢያንስ 10 ደቂቃ አድርጉት። ሁለት ደቂቃ አይበቃም፤ ሕመሙ የሚጀምረው ቆይቶ ነው። የሚያመው ሦስት ቦታ ነው፦ አናት ላይ ቅስቱ ያረፈበት፣ መንጋጋ አጠገብ ስፖንጁ የተጫነበት፣ የጆሮ ጫፍ ከውስጥ ከስፒከሩ ጨርቅ ጋር የተነካካበት። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጆሯችሁ ሙሉ በሙሉ ስፖንጁ ውስጥ ገብቶ ውስጡን ካልነካ ጥልቀቱ በቂ ነው፤ ከነካ በአንድ ሰዓት ውስጥ መቃጠል ይጀምራል። መነጽር የምታደርጉ ከነመነጽራችሁ ሞክሩት። ሹሩባ ወይም ድሬድ ያላችሁ ደግሞ ቅስቱ ከመጨረሻው መርዘሚያው ሁለት ሦስት ደረጃ ሲቀረው የሚበቃችሁን ምረጡ፤ ፀጉር በየጊዜው ከፍታው ይለያያል። ክብደቱ ከ300 ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው። ለማነጻጸር ያህል ሬዘር ብላክሻርክ ቪ2 ኤክስ 240 ግራም ነው።

ስፖንጁ በሰው ሠራሽ ቆዳ ወይም በጨርቅ የተሸፈነ ይሆናል። የውጭ ሰዎች ግምገማ ላይ ቆዳው "ያልባል" ተብሎ ይወገዛል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ማታ ደግሞ ብርድ ነው። እዚህ ያ ወቀሳ ብዙ ክብደት የለውም። ቆዳው ጆሮን ገጥሞ ስለሚዘጋ የውጭ ጫጫታ በመከልከል ከጨርቁ ይሻላል፤ ለእኛ የሚያስፈልገን ይህ ነው። የቆዳው ጉድለት ከጊዜ በኋላ መላጡ ነው። ስለዚህ ስፖንጁን በጣታችሁ ጠርዙ ላይ ይዛችሁ ወደ ውጭ ሳብ አድርጉት፤ የሚወልቅ ከሆነ ሲላጥ በሌላ ይተካል፣ በማጣበቂያ የተለጠፈ ከሆነ ግን ዕድሜው የቆዳው ዕድሜ ነው።

ጀርባው ወንፊት የሆነ ሄድሴት ድምፁ ሰፊና ደስ የሚል ቢሆንም ለኮንዶሚኒየም አይሆንም፤ የውጭው ይገባል፣ የእናንተም ለተኛው ቤተሰብ ይወጣል። ጀርባው የተዘጋውን ውሰዱ። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ የተዘጋ ስፖንጅ በደንብ የሚያስቀረው ቀጭን ድምፅን ነው፤ የሰው ጨዋታ፣ የብረት መቁረጫ ጩኸት። የጀነሬተርና የወፍጮ ወፍራም ጉምጉምታ ያልፋል። እሱን የሚቀንሰው ጫጫታ የሚሰርዝ ኤሌክትሮኒክስ ያለበት ሄድሴት ነው፤ ያ ደግሞ ባትሪ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ሌላ ነው።

ማይኩ ወደ አፍ የሚታጠፍ ክንድ ያለው ይሁን። ገመዱ ላይ የተንጠለጠለ ማይክ ከጃኬት ጋር እየተፋተገ ቡድናችሁን ያደነቁራል። ክንዱን አፋችሁ ፊት ለፊት አታድርጉት፤ ትንፋሽ ይመታዋል፣ "ፐ" ባላችሁ ቁጥር ይፈነዳል። ከከንፈር ጥግ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ርቆ ወደ ጎን ይሁን። ቅርብ ሲሆን የማይኩን ቮልዩም ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ያኔ የጎረቤቱ ዶሮም ሆነ የሰፈሩ ድምፅ ማጉያ አብሮ ይቀንሳል።

ማይኩን ለመፈተን ስልካችሁ ላይ ሰክታችሁ ቴሌግራም ክፈቱና ለራሳችሁ የ15 ሰከንድ ድምፅ ላኩ። እየተናገራችሁ ማይኩን በጥፍራችሁ አንድ ሁለቴ መታ አድርጉት። መልሳችሁ ስትሰሙ መታ መታው ጎልቶ ካልተሰማ የቀዳው የስልኩ የራሱ ማይክ ነው ማለት ነው፤ የሄድሴቱ ማይክ አልሠራም። መርካቶ ሁካታ መሆኑ ለዚህ ፈተና ይጠቅማል። በዚያ ጫጫታ መካከል ድምፃችሁ ከተለየ ቤት ውስጥ የተሻለ ይሆናል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለት ነገር ማይክን ያበላሻል። አንዱ ባዶ ግድግዳ ነው። ያልተለሰነ ብሎኬትም ሆነ ጂፕሰም የተቀባ ግድግዳ፣ መጋረጃና ምንጣፍ ከሌለው ድምፅ ያስተጋባል፤ ጓደኞቻችሁ "ሽንት ቤት ነህ እንዴ?" ይሏችኋል። ከፊታችሁ ባለው ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ ወይም ብርድ ልብስ ብትሰቅሉ ማይክ ከመቀየር የበለጠ ለውጥ አለው።

ሌላው እዝዝታ ነው። ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ እያለ ማይኩ "ዝዝዝ" ካለና ቻርጀሩን ስትነቅሉት ወዲያው ከጠፋ ጥፋቱ የሄድሴቱ አይደለም፤ የመሬት ሽቦ ችግር ነው። የላፕቶፑን የብረት ክፍል ስትነኩ ድምፁ መቀየሩ ሌላው ምልክት ነው። የምትጠቀሙበት ዲቫይደር የመሬት መገናኛ ላይኖረው ይችላል፤ ወይም ሶኬቱ ቢኖረውም ከግድግዳው ኋላ ሽቦው አልተገናኘም። በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስፈትሹት፣ እስከዚያው በባትሪ ተጫወቱ። ባለ ሳውንድ ካርድ የዩኤስቢ ሄድሴትም ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል። የቻርጀሩን የመሬት እግር ቆርጦ ሌላ ሶኬት ላይ መሰካት ግን ለሰውም ለዕቃም አደገኛ ነው። ዴስክቶፕ ላይ እዝዝታ ካለ መጀመሪያ ከፊት ካለው ቀዳዳ ነቅላችሁ ከኋላ ሰኩት፤ የፊቱ ሽቦ በሣጥኑ ውስጥ ሲያልፍ የሌላውን ክፍል ጫጫታ ይለቅማል።

ወደ ድምፁ ጥራት ስንመጣ፣ የስፒከር መጠን ብቻውን ጥራት አይደለም። ጄቢኤል ኳንተም 100 ባለ 40 ሚሊ ሜትር፣ ሃይፐርኤክስ ክላውድ 2 ባለ 53 ነው፤ ምንም ስም የሌለው ባለ 50 ሊኖር ይችላል፣ በጥራት ግን ከ40ው ሊያንስ ይችላል። ኦም (የሄድሴቱ የኤሌክትሪክ መቋቋም) የሚለውን ቁጥር እዩ፦ ከ16 እስከ 64 ያለው በስልክም በጆይስቲክም በቂ ድምፅ ይሰጣል። 250 የሚል ካያችሁ ለስቱዲዮ የተሠራ ነው፤ ያለ አምፕሊፋየር ስልክ ላይ ድምፁ ይደክማል።

7.1 የተባለው አብዛኛውን ጊዜ የሶፍትዌር ሥራ ነው። ውስጡ ያሉት ስፒከሮች ሁለት ናቸው፤ ሶፍትዌሩ ከኋላ የመጣ የሚመስል ድምፅ ይፈጥራል። ይህ ችሎታ በነፃም አለ፦ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ዊንዶውስ ሶኒክ፣ ፒኤስ5 ላይ ጆይስቲኩ ላይ በተሰካ ማንኛውም ሄድሴት የሚሠራ 3ዲ ኦዲዮ። ካውንተር ስትራይክ 2 እና ቫሎራንት የሚባሉት የተኩስ ጌሞችም የራሳቸው አላቸው። ሁለቱን በአንድ ላይ መክፈት አቅጣጫውን ያደበላልቃል፤ የጌሙን ካበራችሁ የሄድሴቱን አጥፉ። ለ7.1 ብላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ባስ የበዛበት ሄድሴት ለኮቴ ጠላት ነው። ፍንዳታው ሲያስተጋባ ቀጫጭኑን ድምፅ ይሸፍነዋል። ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክል) ካላችሁ ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን 3 ዴሲቤል ቀንሱ፣ ከ2,000 እስከ 4,000 ያለውን 2 ወይም 3 ጨምሩ። ዊንዶውስ ላይ ጓደኛ ባወራ ቁጥር የጌሙ ድምፅ የሚወርድ ከሆነ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ኮሙኒኬሽን የሚለው ገጽ ላይ "ዱ ናቲንግ" ምረጡ፤ ሳይነካ ሲቀር 80 በመቶ የሚቀንሰው ላይ ነው ያለው። የምትጫወቱት ኢፉትቦል ወይም ኤፍሲን የመሰለ የእግር ኳስ ጌም ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስጨንቃችሁ፤ የሚመቻችሁን ውሰዱ።

ባንኮኒው ላይ የቀረው ምርመራ አጭር ነው። ስልካችሁ ላይ የግራና ቀኝ ፈተና ድምፅ ቀድማችሁ አውርዱ፤ ግራው በግራ መምጣቱን አረጋግጡ። ቮልዩሙን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ሁለቱ ጎን እኩል መሆናቸውን ስሙ፤ ርካሽ የቮልዩም መሽከርከሪያ ዝቅ ሲል አንዱን ጎን ያጠፋል። ሙዚቃ እየተጫወተ ገመዱን ከጃኩ ሥርና ከጆሮው መግቢያ ላይ ቀስ ብላችሁ አጣጥፉ፤ ቢቆራረጥ ተዉት። ኦርጅናል ነው ከተባላችሁ መለያ ቁጥሩን በአምራቹ ድረ ገጽ አጣሩ፣ ክብደቱንም አስተያዩ። ኮፒ ሣጥኑን በደንብ ይመስላል፤ ክብደቱና የፊደሉ ጥራት ግን ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል።

ዋጋ አልጻፍኩም፤ የውጭ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የድሮ ዋጋ መነሻ አይሆንም። ብር ካነሰ ግን አዲስ ባለ መብራት ስም የለሽ ከመግዛት ያገለገለ፣ ስሙ የታወቀ፣ ባለ ገመድ ሄድሴት ይሻላል። ፐብጂና ፍሪ ፋየር በስልክ ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ማይክ ያለው ጥሩ ባለ ገመድ ኢርፎን ይበቃችኋል።

ስለ ድምፅ ከፍታ አንድ ልኬት ያዙ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት፣ ለልጆች 75 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ይፈቅዳል። 3 ዴሲቤል በጨመራችሁ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 89 ላይ ለአዋቂ በሳምንት 5 ሰዓት ብቻ ይቀራል። ጀነሬተር ሲጮህ ቮልዩሙን የመጨመር ፈተና አለ፤ በደንብ የሚዘጋ ስፖንጅ ዋናው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ገመዱ ነው፤ ከጃኩ ሥር ባሉት 3 ሳንቲ ሜትሮች ውስጥ። አንድ ጎን ከጠፋ የዚያ ጎን ሽቦ ተበጥሷል። የዘፋኙ ድምፅ ጠፍቶ መሣሪያው ብቻ ከሩቅ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ የተበጠሰው የጋራው ሽቦ ነው፤ ጃኩ እስከ መጨረሻው ሳይገባ ሲቀርም ይህ ስለሚከሰት መጀመሪያ ጫን ብላችሁ ሰኩት። ሄድሴቱን ለዚህ አትጣሉት። ማንኛውም የስልክ ጥገና ቤት በአዲስ ባለ ሦስት መስመር የብረት ጃክ ሊቀይረው ይችላል። ገመዱ ከተጎዳው ቦታ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆረጥ። ውስጡ ያሉት ባለ ቀለም ሽቦዎች በቫርኒሽ የተሸፈኑ ናቸው፤ ቫርኒሹ በብየዳ ብረቱ ሙቀት ወይም በብርጭቆ ወረቀት ካልተነሣ ብየዳው የያዘ ይመስላል እንጂ ድምፅ አያሳልፍም። ቀለሞቹ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያዩ ባለሙያው በቴስተር ይለካቸው፤ የጃኩ ክዳን ከመዘጋቱ በፊትም የግራና ቀኙንና የማይኩን ፈተና እዚያው ድገሙ።